ሳሎኔ ውስጥ የተሰቀለው ዓይን

ልጄ፣ እግዜር ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ተሽሎኛል።

ግን ደሜ ፈልቷል! ያ የላክሽልኝ ቴሌቪዥን ለካ ግንባሩ ላይ ካሜራ አለው፤ የሚያየውንም በኢንተርኔት ይልካል አሉ። ቀሚስ ላሰፋ ብላ የመጣች ስንቷ ሴት፣ እኔን አምና፣ እሱ ፊት ልብሷን አውልቃ ተለክታለች! እኔ ሞኟ በር ቆልፌ መጋረጃ እዘጋለሁ።

ይህን የነገረኝ ቴክኒሻን "ምን ችግር አለው እትዬ? ዛሬ ሁሉም ቤት አለ" ብሎ ሳቀ። "እስቲ ሱሪህን አውልቅና እሱ ፊት ቁም!" ስለው ሳቁ ጠፋ።

ለካሜራው በቁራጭ ጨርቅ ሽፋን ሰፍቼ አልብሼዋለሁ። አደራሽን፣ ሌላ ዕቃ አትላኪልኝ፤ ራስሽ ነይ። በሰላም ያምጣሽ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ልክ በቃሌ ይዤ፣ ያንቺን ረስቼዋለሁ።

እናትሽ