የዳኛው ሦስተኛ አምፕሊፋየር

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹስ? ከፎቅ በላይ ያለው ጎረቤታችሁ ውሃ ማንጠባጠቡን ተወ? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፤ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። አንጀቴ ግን አሯል። አልታመምኩም፣ አትደንግጥ፤ ሰው ቀፎኝ ነው።

ማር ምላስ የምለው አሠሪዬ ደውሎልህ «እህትህ ደንበኛዬን ደንቆሮ ብላ ሰድባ፣ ሱቄን ጥላ ሄደች» እንዳለህ እማዬ ነግራኛለች። አንተ ምንም እንዳልመለስክለትም ሰማሁ። ያንተ ዝምታ ከቁጣህ እንደሚብስ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ብየዳ ያስተማርከኝ አንተ፣ «አብሮ አደጌ ነው፣ አያሳፍረንም» ብለህ እዚያ ሱቅ ያስገባኸኝም አንተ። ስለዚህ ነገሩን ከእኔም ስማው።

የሱቁን ሥራ ታውቀዋለህ። ሰው ቤቱ ያለውን የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩን፣ ያመጣል፣ የተሻለ ይወስዳል፣ እኔ ሄጄ እገጥማለሁ። ክፉ ሥራ አይደለም። የደከመውን አንሥቶ አቅም ያለውን ተክቶ፣ ስፒከሩ እንደ አዲስ ሲተነፍስ መስማት ደስ ይላል። እወደው ነበር፣ ዳኛው እስኪመጡ ድረስ።

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። «ደኅና ዋልሽ» ሲሉ እንኳ ቃሉን መዝነው ነው። የሳሎናቸው አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በዘፈን ሸክላ የተሞላ ነው። አምና መጥተው «ሙዚቃው ደበዘዘብኝ፤ ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ይመስለኛል» አሉ። አምፕሊፋየራቸው ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ከባድ ብረት ነው። ከፍቼ ለካሁት፤ አንድም እንከን አላገኘሁበትም። ለማር ምላስ ይህንኑ ብነግረው «የመጣ ሲሳይ በእግር ይገፋል እንዴ?» ብሎ ነባሩን በቅያሬ ተቀበላቸውና አዲስ ሸጠላቸው። በስድስተኛው ወር ያንኑ ቅሬታ ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሸጠላቸው። ባለፈው ወር ደግሞ ሦስተኛውን።

ሦስተኛውን ልገጥም ቤታቸው ሄድኩ። ስጨርስ የሙከራ ዲስክ ከፈትኩ፤ ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ፣ መጨረሻ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ድምፅ ነው። ባለቤታቸው ከጓዳ ጥጥ በጆሯቸው ወትፈው «ኧረ በፈጠረሽ!» እያሉ ወጡ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። ዳኛው ግን ከስፒከሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በክብሪት እንጨት ጆሯቸውን እየጎረጎሩ፣ እንጨቱን በወንበሩ ክንድ ላይ ጠረግ እያደረጉ «ጀመረ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ሱቅ ስመለስ ማር ምላስ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ምሳውን እየበላ ነበር። ነገርኩት። ሳቀ ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ጉርሻው አፉ ውስጥ እየታየ ሳቀ። «ገና ዛሬ ነቃሽ? እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ፤ ሁለት ሦስቴ ካልጠሯቸው አይዞሩም እኮ። ጆሮው የሳቸው፣ አምፕሊፋየሩ የኛ! አራተኛውን አዝዤላቸዋለሁ» አለና ጣቶቹን ላሰ። ያን የመሰለ ነባር ዕቃቸውንም «በዓለም ላይ የቀረ ብርቅ» ብሎ ለሌላ ሰው ሸጦታል።  አሁንም ስጽፍልህ ያ ወዛም ጣት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሳላስፈቅድ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ደንቆሮ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። «ጌታዬ፣ አምፕሊፋየሮቹ አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። እባክዎን ጆሮዎን ሐኪም ይይልዎት» ነው ያልኩት፤ እንዲሰሙኝ ስል ግን ጮኼ ሳልናገር አልቀረሁም። ፊታቸው ደም መሰለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስሰማ የኖርኩ ነኝ! ውጪልኝ!» ብለው በሩን ከፈቱት። ሱቅ እስክደርስ ደውለው ነበር። ካቻቢቴዎቼና የመለኪያ መሣሪያዬ በፌስታል ታስረው ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። እንግዲህ «ጥላ ሄደች» ያለህ ይህንን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዳኛው ባለቤት ደወሉልኝ። የዚያን ቀን የተናገርኩትን ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ባላቸውን ወጥረው ይዘው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ለብ ያለ ውሃ በመርፌ ቱቦ ቢያጥብላቸው፣ ከሁለቱም ጆሮ ባቄላ ባቄላ የሚያህል ጥቁር ኩክ ዱብ አለ! ክብሪቱ ለዓመታት ሲጠቀጥቀው ኖሯል። ዕድሜም ትንሽ ወስዶባቸዋል አሉ፣ ዋናው ግን እሱ ነበር። ለኩክ ሦስት አምፕሊፋየር፣ ጋሼ! ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ «ሬዲዮውን ቀንስልኝ» አሉ አሉ። «አሁንማ ጓዳ ሆኜ የማጉረመርመውን ሁሉ እየሰሙ መልስ ይሰጡኛል፤ አፌን ልጠብቅ ነው» ብለው ባለቤታቸው በሳቅ ፈነዱ።

እኔ አሁን አንድ ስልክ ጠጋኝ ከሱቁ ጥግ ጠረጴዛ ሰጥቶኝ እየሠራሁ ነው። ወደ ማር ምላስ አልመለስም፤ አንተም አስታርቅሻለሁ እንዳትለኝ።

ባለፈው እሑድ ዳኛው ራሳቸው ሦስት ፎቅ ወጥተው ክፍሌ መጡ። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ «ሳልሰማ ፈረድኩብሽ» አሉኝ። ይቅርታቸው ግን እንደ እሾህ ወጋኝ። ምክንያቱም አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ሁለተኛውን አምፕሊፋየር የገጠምኩላቸው ቀን «ለውጥ አለው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እንደሌለው እያወቅኩ «የሰማይና የምድር!» ብያቸዋለሁ። በዚሁ አፌ። ማር ምላስን ተጸየፍኩት ስልህ፣ ያንን ቀን ሳስብ የምጸየፈው ራሴን ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልሸሸግኩም።

ባርኔጣቸውን ማዞራቸውን ተዉ። ኋላ «እኔም እኮ አንዳች ለውጥ አልሰማሁም» አሉኝ። «አንቺ ተሰማኝ ስትዪ ጊዜ አፍሬ ነው፣ 'አዎ፣ በጣም!' ያልኩሽ።»

እማዬን ሁለቱን ጉልበቶቿን ሳምልኝ። ባለቤትህን እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል በላት። ትልቁን ልጅህን በርትቶ እንዲያጠና ምከርልኝ፣ ፍልቅልቋን ትንሿን ደግሞ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርግልኝ። ጎረቤትህንም፣ ውሃው ከቆመ፣ ሰላም በልልኝ። ደኅንነታችሁን ያሰማኝ።

ታናሽ እህትህ
ከሦስተኛ ፎቅ ኪራይ ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን