ለመስቀል ያቆየሁት ቅቤ

ነሐሴ 13
ዛሬም ዝናብ። ከጓደኛዬ ከጠና ጋር ፎንቆ ገበያ ሄደን ቅቤ ገዛን። ፍልሰታ ነው፤ የአዲስ አበባ ጾመኛ ስለማይገዛ ዋጋው ወርዷል። ለመስቀል ሲወደድ እንሸጣለን። ዕቅዱ ይኸው ነው።

የኔ ድርሻ የእማዬ ጊደር የተሸጠችበት ብር ነው። ለመስቀል ሌላ ጊደር በር ላይ አስርልሻለሁ ብያታለሁ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና... "አይ ተመራቂ!"

ባልዲዎቹን ጋሼ ኸይረዲን ሱቅ ጓሮ ካለችው ክፍል አስቀመጥን። ዲግሪ ታቅፎ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነቡ ከመዋል ይሻላል። አይሻልም?

ጳጉሜን 3
ጨመረ! ጋሼ ኸይረዲን የአዲስ አበባ ነጋዴ አመጣልን። ሁሉንም ልውሰድ አለ። በሰጠን ዋጋ ጊደሯም ትገዛለች፣ ለኔም ይተርፈኛል። ጠና አየኝ፣ አየሁት። ገና ነው አልን። ለጋሼ በስልኬ የሠራሁትን ግራፍ አሳየሁት፤ መስመሩ መስቀል ድረስ ሽቅብ ነው። "ልጆች፣ በእግሩ የመጣ ገዢ አይመለስም" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

መስከረም 6
አሁንም ትንሽ ጨመረ። ግን ክፍሉ መሽተት ጀምሯል። ሸሚዜ፣ ፀጉሬ፣ ስልኬ ሳይቀር። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ፊቷን አዞረች።

አንዲት እናት ቅቤ ተወደደ ብላ ስታማርር ሰምቼ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ምን ዓይነት ሰው እየሆንኩ ነው? ልሽጥና ልገላገል... የዋጋውን ጫፍ ሳላይ?

መስከረም 12
ወረደ። ጃጁራ ገበያ ሄጄ አየሁ። ሴቱ ሁሉ ቅቤውን በኮባ ጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ዋጋ የሚጠይቅ እንኳን የለም። ጠና ደውሎ አትደንግጥ፣ መጨረሻው ቀን ላይ ይመለሳል አለኝ። አመንኩት? ማመን ፈለግኩ።

መስከረም 13
እማዬ የዊጆ ድርሻዋን ታቅፋ ገባች። ክረምቱን ሙሉ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ለመስቀል ሲያዋጡ የከረሙት ቅቤ።

"ለኛ ይበዛል። ትርፉን ለገዢዎችህ ሽጥልኝ" አለችኝ።

ገዢዎቼ... እኔ ገዢ ያልኳቸው ሁሉ ዛሬ የዊጆ ቅቤያቸውን ታቅፈው ቤታቸው ገብተዋል። በየዓመቱ ያየሁት ነገር! ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑት ነጋዴዎችም ጭነው ሄደዋል። ለማን ልሸጥ ነበር? ያንን ግራፍ ከስልኬ አጠፋሁት።

መስከረም 14
ጠና በላስቲክ ጠቅልሎ አንድ ነገር አመጣ። ቅመስ አለኝ። እንደ ሻማ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። የሚረጋ ዘይት ቀላቅሎበታል። በበዓል ግርግር ማን ይለያል፣ ኪሳራችንን አውጥተን እንወጣለን ይላል።

"ለእማማ አባይነሽ ጊደር ብዬ ነው እንጂ ለኔማ..." አለ።

የእናቴን ስም ጠራብኝ። ተፋሁት። ከሱ ይበልጥ የዘገነነኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ከመትፋቴ በፊት ስንት ያወጣል ብዬ አስቤያለሁ።

ባልዲዎቼን ለይቼ አወጣሁ። እሱ የራሱን ይዞ ሄደ።

መስከረም 15
ሸጥኩ። ከገዛሁበት በታች። ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ሰብሌ በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱ፣ አሸተቱ። ንጹሕ ነው፣ ግን ዘገየህ የኔ ልጅ አሉኝ። አንዱን ባልዲ ግን ይበዛብኛል ብለው መለሱት። በያዝኩት ብር የጊደር ግማሽ እንኳን አይገዛም። ቁልፉን ስመልስ ጋሼ ኸይረዲን፣ "ግራፉስ ምን አለ?" አለኝ።

መስከረም 17
በዓል። በር ላይ የታሰረ ጊደር የለም። ለእማዬ ትናንት ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ያንን ነጋዴ እምቢ ማለቴንም፣ የጠናን ድብልቅም። አልተቆጣችም። ዛሬ ቡላውን በቅቤ አብስላ አተካና ሠርታ ጎረቤት ጠራች። ከተመለሰው ባልዲ የወጣው ቅቤ ላዩ ላይ ይዋኛል። ሽታው ሲመጣ አንገሸገሸኝ፤ ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

እማዬ መልሳ አስጠጋችልኝ።

"ብላ እንጂ። ጊደሬን እኮ ነው የምትበላው፤ አታስተርፋት።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ አልሳቀችም። በላሁ... እስከ ሳህኑ ታች።