የታንኳው ዋስ

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

እኔን የመረጡኝ ጂኦግራፊ ስለማስተምር ነው። «ስለ ሐይቅ የሚያውቅ ካንተ ሌላ ማን አለን?» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። በዚህ ሒሳብ ጦርነት ቢነሳ የታሪክ መምህሩ ጦር ሊመራ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር እሑድ ዕለት፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ ላይ የታንኳ ውድድር ያካሂዳል። ገቢው በጤና ጣቢያው ግቢ ለሚሠራ የእናቶች ማቆያ ነው። ስድስት ታንኳ፣ በየታንኳው ሁለት ሰው። ከቡሬ የባንክ ሠራተኞች፣ ከደምበጫ ወጣቶች፣ ከእኛ ትምህርት ቤት እኔ። አጋሬ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር አስናቁ ናት። ታንኳ ነክታ አታውቅም። እኔ ነክቻለሁ፤ ባሕር ዳር፣ ፎቶ ስነሣ።

ካናቴራ ተሰጠን። «ለእናት እቀዝፋለሁ» ይላል። ልኩ የልጅ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ልምምድ። ታንኳው ቀይ ፕላስቲክ ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ሰው ያስቀምጣል። ሲስተርና እኔ ተስማምተን በአንድ በኩል ቀዘፍን። ተስማምተን ክብ ዞርን። ሦስት ጊዜ።

ዳር ላይ በሬ የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩን ቆይተው፣ «አውድማውንስ ደህና ዞራችሁት» አሉ። «እህሉ የታለ?»

አያ ይርሳው ይባላሉ። ቤታቸው ከግድቡ ማዶ ነው። ሲስተር ታውቃቸዋለች፤ ምራታቸው ስመኝ መንታ ይዛለች፣ ቀኗ ሐምሌ መጨረሻ ነው። አሁን በመሻገሪያው ውሃው ከጉልበት አይበልጥም። ሐምሌ ላይ ግድቡ ሲሞላ መሻገሪያው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወላድ በቃሬዛ ተይዛ በድልድዩ በኩል ትዞራለች፤ አራት ሰዓት መንገድ፣ ጭቃው ከፈቀደ። አምና አንዲት ሴት በዚያ መንገድ መጣች። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ እኔን አላየችም። «እናትየዋን አተረፍን» አለች።

አያ ይርሳው ታንኳውን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «እንግዲህ ይኸ ክረምቱን እዚሁ ይከርማላ?»

አስተባባሪውን ጠየቅሁላቸው። መነጽሩን ከግንባሩ ላይ የማያወርድ ትሑት ወጣት ነው። «አይ ጋሼ፣ እሑድ ይጫናሉ። ሌላ ቦታ ፕሮግራም አለን።»

እንግዲህ በታንኳ እጦት ልጅ ወደሚቀበርበት አገር ስድስት ታንኳ መጣ፤ ለእናቶች ሲባል ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተጠማ ሰው ፊት ቆሞ ተጉመጥምጦ እንደ መትፋት ነው። ይህን ለአስተባባሪው አልነገርሁትም። ጨዋነቴ አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ጠዋት አስተባባሪው ያረፈበት ሆቴል ሄጄ ነገርሁት። አንድ ታንኳ ብቻ፣ እስከ መስከረም። የሰጠኝ ምክንያቶች፦

ንብረቱ የሌላ ነው።

ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ውድድሩን ብቻ ነው።

«ማኅበረሰቡ በባለቤትነት ስሜት የመያዝ አቅሙ አልተጠናም።»

እኒህ ሰዎች ሞፈርና ቀንበር ከአባት ለልጅ የሚያወርሱ ናቸው አልሁት። ማስታወሻ ላይ ጻፈው። ከዚያ ለነገ ኃይል እንዲሆነኝ ብሎ እንቁላል ያለበት ሳንድዊች ሰጠኝ። የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ለተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ያዘዙት እሱን ነው አሉ። ይህም አልተጠናም መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቀጥ ብለን ሄድን። ሲስተር ከኋላ ሆና «ግራ፣ ቀኝ» እያለች ታዝዛለች፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት የምታዝዘው በዚሁ ድምፅ ይመስለኛል። እምቢ ማለት አይቻልም።

እሑድ፣ ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል ነውና ከቅዳሴ የወጣ ሁሉ ወደ ግድቡ ወረደ።

ስድስተኛ ወጣን። ከስድስት። ግን ማዶ ደርሰናል፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ። ሰዓቴን አይቻለሁ። ማዶ ዳር ላይ ስመኝ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ሌሎቹ እልል ሲሉ እሷ አላለችም። ታንኳውን ብቻ ነበር የምታየው። የባንኮቹ ልጆች ዋንጫ ወሰዱ። ንግግር ተደረገ፤ «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ሲደጋገም መቁጠሩን ተውሁት።

ከዚያ መጫን ጀመሩ። ስድስቱም አይሱዙው ላይ ወጡ፣ በገመድ ታሰሩ። ሹፌሩ ሞተር አስነሣ። አያ ይርሳው ከመኪናው ፊት ቆሙና፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «በሕግ አምላክ» አሉ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ?» አለው አስተባባሪው።

«በሕግ አምላክ ተብያለሁ።»

«ፖሊስ ናቸው?»

«አይደሉም።» ሹፌሩ የቋሪት ልጅ ነው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «አንተ ንዳው ከፈለግህ። እኔ ይኸን ረግጬ አልሄድም።»

ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ለአስተባባሪውም ድንጋይ ተሰጠው። ንብረቱ የእሱ እንዳልሆነ አስረዳ። «እኛስ መች ያንተ ነው አልን፣ ልጄ» አሉት አያ ይርሳው። «አንዱን አውሰን ነው ያልነው። ያዋሰ ሰው መቼ ከሠረ?»

አስተባባሪው ለአለቃው ስልክ ደወለ። ሁለተኛም ደወለ። ሲስተር ስልኩን ከእጁ ተቀብላ፣ ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ ብቻ ስትመልስለት የአለቃው ድምፅ በልጁ ጆሮ ላይ ይለሳለስ ነበር። አንድ ታንኳ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ሦስት ተንሳፋፊ ሰደርያ፣ እስከ መስከረም። ዋስ ካለ።

«ዋስማ አለ» አሉ አያ ይርሳው፣ ወደ እኔ እያዩ። «መምህሩ ደመወዝተኛ ናቸው፤ የትም አይሄዱም።»

ፈረምሁ። ሹፌሩ ምስክር ሆነ።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ማኅበሩ ፎቶ ለጥፏል። «ማኅበረሰቡን ያሳተፈ፣ ዘላቂ ለውጥ ያመጣ» ይላል። የቀረችው ታንኳ አልተጠቀሰችም። ደሜ ፈላ፤ ከዚያ የማይታወቅ ነገር ማንም መጥቶ እንደማይወስደው አሰብሁና ዝም አልሁ።

ከሰዓት በኋላ ለስመኝ የምርመራ ቀን ነበር። መሻገሪያው ገና ባይጠፋም፣ የማዶዎቹ ጎልማሶች ለሐምሌ እንለማመድ ብለው ለመቅዘፍ ተዘጋጅተው ሲጠብቁ እሷ አልወጣም አለች። ወንድሞቿ እንኳ ቢሆኑ። «ዋሱ ይቅዘፍ» አለች። «ብንሰምጥ ተጠያቂ እሱ አይደል?» አያ ይርሳው ነገሩን መርምረው ልክ ናት አሉ።

ፊት እኔ፣ ኋላ ሲስተር፣ መሀል ስመኝ፣ ከልጆቿ ጋር አምስት። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብን። ጤና ጣቢያ ሲስተር የሁለቱንም ልብ አዳመጠች። ሁለቱም ይመታሉ። አንደኛው ፅንስ ግን ተጋድሟል፤ በሐምሌ አጋማሽ ደግማ ታየዋለች፣ ቦታውን ካልያዘ ሆስፒታል ትልካታለች። ሐምሌ አጋማሽ ማለት ግድቡ ሞልቶ ማለት ነው።

ስንመለስ ከቡሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ነፋሱም ተነሣ። ውሃው መሀል ስንደርስ ስመኝ ከኋላዬ ሰደርያዬን ያዝ አድርጋ፣ «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ከዚያ በላይ ቀስ ማለት አልችልም ነበር። ግን እሺ አልኋት።