ለመሀል ቦታ የሚሽቀዳደም ቡድን

ለክቡር ጓድ ደሞዝ ተክለ ሚካኤል፣
የኮሌጃችን የስፖርት ጉዳይ ኃላፊና የረጅም ርቀት ሩጫ ቡድን አሠልጣኝ፤
ላስታ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ትንፋሽዎ፣ በተለይም ያን ሁሉ ስብሰባ ያለ መደገፊያ የሚችለው ወገብዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የቡድኑ አምበል ፈንታው ሀሰን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይቅርታ፣ ሰፊው ሕዝብ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በኮሌጁ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በር ላይ መቆም ሰልችቶኝ አይደለም። ሂስ በአደባባይ ሲሆን ያንጻል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና ትምህርቱ ይዞኝ እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። የሙጃዋ ልጅ ብርቅዬ፣ ባለፈው ወር ደሴ ላይ የተሸነፈችው ሯጫችን፣ ለአዲስ አበባው የሯጮች ምርጫ እንደገና እንድትሞከር መራጮቹ ፈቅደውላታል። የቀረው አሠልጣኟ እንዲጠይቅላት ብቻ ነው። እባክዎ ይጠይቁላት። እውነቱን ለመናገር ይጠይቁላታል የሚል ተስፋ የለኝም፤ በቃል ሳመለክትዎ ቡድናችን ለግለሰብ አይለምንም ብለው መልሰውልኛልና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ጥቂት አቤቱታዎች የማቀርበው፣ ሰው ተቀብሮም ቢሆን ለቅሶ መድረስ ወግ ስለሆነ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰላምታ። እርስዎ ሳይሾሙልን በፊት ያሠለጥኑን የነበሩት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው ዳገት ያስሮጡን እንደነበር ያውቃሉ። የላስታ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኛቸውን አባት ዝም ብሎ አልፎ አይሄድም፤ እየሮጠም ቢሆን ይቆማል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ጤናቸውን ይጠይቃል፣ ይመረቃል። እኔም የሀሰን ልጅ ብሆንም አንገቴን ደፍቼ የድርሻዬን ምርቃት እቀበል ነበር፤ ወሎ ውስጥ ምርቃት የማን ልጅ ነህ ብሎ አይመርጥም። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ይህን መከልከል እንደማይቻል ስለገባቸው ሥልጠና አደረጉት፤ ከአንዱ ሰላምታ እስከሚቀጥለው ሰላምታ ልብ እስኪፈርስ መሮጥ፣ በምርቃቱ ጊዜ ማረፍ። መነኮሳቱ በበዙበት ቀን ሥልጠናው ይቀልልናል፣ ባነሱበት ቀን አበሳችንን እናያለን። ነገሩ የገባቸው አንድ አባት ስንመጣ ሲያዩ ምርቃቱን ማሳጠር ጀምረው፣ ያሠልጣኝ ረዳት ሆኑ እያልን እንስቅ ነበር። እርስዎ በመጡ በሳምንቱ ይህን ኋላ ቀር ልማድ አስወግደው፣ አባት ቢገጥመንም ሽማግሌ ቢገጥመንም ሰላም ሳንል እንድናልፍ አዘዙ፤ ታዘዝንም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ይሰጡን የነበሩ የዳገቱ ሰዎች፣ እነዚህ የማን ያልተቀጡ ልጆች ናቸው እያሉ ፊታቸውን ያዞሩብናል። ስለዚህ አንገታችንን ደፍተን እንሮጣለን፤ አንገቱን የደፋ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው ምናልባት በሠለጠኑበት ሰሚናር አልነገሩዎትም ይሆናል። ስላሳፈሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሂስና ግለ ሂስ። ሌላ አሠልጣኝ ከሩጫ በኋላ እግር ያሳሻል፤ እርስዎ ባሕር ዛፉ ሥር አስቀምጠው ያወያያሉ። ቀድሞ የገባው በግለኝነትና በንዑስ ከበርቴ ጀብደኝነት ይወቀሳል፣ መጨረሻ የገባው በአሻጥር ይጠረጠራል። ብርቅዬ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነበረችና ሁልጊዜ ተወቃሽም እሷ ነበረች። አንድ ቀን ተነሥታ፣ ጓዶች ይቅር በሉኝ፣ እግሬ እንደ ልማዱ ቀድሞብኝ ነው፣ ስትል የሳቀ አልነበረም። እርስዎም እግሩም ቢሆን መታረም አለበት ብለው ስብሰባውን ዘጉ። እኛም ቂል አይደለንምና መዳኛው መሀል እንደሆነ ቶሎ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመሀል ቦታ የምንሽቀዳደም፣ በዓለም ላይ ብቸኛው የሩጫ ቡድን ሳንሆን አንቀርም። ፊት የወጣው ይዘገያል፣ ኋላ የቀረው የፊተኞቹን መዘግየት አይቶ ይጠራጠራል፣ መሀል ያለው ቦታውን ላለመልቀቅ ግራ ቀኙን ይቃኛል። በኩልመስክ መንገድ ላይ እህል የጫኑ አህዮች ቀድመውናል። ባለቤታቸው ታመን መስሎት አብሽሩ ብሎን አለፈ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተበረታታነው ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛው ደሴ ነው። ይህን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። የሴቶቹ ሩጫ ሲያልቅ እኔ ከመንገዱ ዳር ቆሜ አይ ነበር። ብርቅዬ የክፍለ ሀገሩን ልጆች ሁሉ ጥላ፣ ለብቻዋ፣ የመጨረሻው መስመር ገመድ እየታያት ትመጣለች። ይህች ልጅ የሞስኮውን የኦሎምፒክ ሩጫ ድላችንን በሬዲዮ ከሰማች ጀምሮ ሌላ ሕልም አልነበራትም፤ ያሸነፈችው አዲስ አበባ እንደምትገባም ታውቅ ነበር። እርስዎ ከገመዱ አጠገብ ነበሩ። እጅዎን ከፍ አደረጉ። ለማበረታታት ይሁን ለማስቆም እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሷም አላወቀችም። ዞር ብላ ከኛ ቡድን ማን እንደቀረባት አየችና መጠበቅ ጀመረች። የምትከተላት ጀውሀራ ነበረች። ጀውሀራ ደግሞ ብርቅዬ ስትዘገይ አይታ፣ አንደኝነቱ በኔ ላይ ሊወድቅ ነው ብላ እሷም ቀስ አለች። እኔ ከዳር ሆኜ ሂጂ እያልኩ ጮህኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። የሌሎቹ ቡድኖች ልጆች መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው፣ ኋላም እየሳቁ አለፏቸው። ሁለቱ ልጆቻችን ጎን ለጎን ሆነው ገቡ፤ ስንተኛ እንደወጡ የጠየቃቸውም አልነበረም።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የኔ ያን ዕለት አልገደደም። እርስዎ ግን ማታ በተደረገው የግምገማ ስብሰባ ላይ፣ ቡድኑ በፍጹም የጓዳዊነት መንፈስ አብሮ መግባቱን ገልጸው ተጨበጨበልዎ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አለማጨብጨብ ምን እንደሚባል አውቃለሁና።

አራተኛና አምስተኛ አቤቱታም ነበሩኝ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ እንዴት በአስቸኳይ ወደ ቆላ እንደተዛወሩ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ።

ብርቅዬ ከደሴ ከተመለስን ወዲህ ልምምድ ወጥታ አታውቅም። መራጮቹ እንደገና እንደፈቀዱላት ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ብቀድምስ ምን ልባል ነው፣ አለችና ልብሷን ማጠቧን ቀጠለች። በጉልበት ተሸንፋ ቢሆን አጽናናት ነበር፤ ማሸነፍ የፈራን ሰው በምን እንደሚያጽናኑት ግን አላውቅም። እርስዎ ቢጠይቁላት፣ ቅደሚ ብለው በራስዎ አንደበት ቢነግሯት፣ ምናልባት ትነሣ ይሆናል። ያንን ቃል ከእርስዎ በቀር ማንም ሊሰጣት አይችልም፤ የነጠቋት እርስዎ ነዎትና። ምርጫው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። እርስዎ እስከዚያ ሰሚናር ላይ እንደሚሆኑ ሰምቻለሁ።

ዳገት ስላልነካው ዛሬም አዲስ ከሆነው ጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ለአንደኝነት ሳልመኝ፣ ለመጨረሻነትም ሳልደፍር፣ ረጅም ዕድሜና ከዚህ የበለጠ ሹመት እመኝልዎታለሁ፤ ሹመቱ ከላስታ የራቀ ይሆን ዘንድም አጥብቄ እመኛለሁ።

ታዛዥዎ፣
ፈንታው ሀሰን
የቡድኑ የቀድሞ አምበል
ሚያዝያ ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ‹‹የቀድሞ›› ያልኩት ዛሬ ጠዋት ሁላችንም ከቡድኑ ስለወጣን ነው፤ በመውጣቱም ማንም ማንንም አልቀደመም። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ቡድኑ እርስዎ ብቻ ነዎት። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ወደ ኋላውም የሚቀር የለም። አንደኛም እርስዎ፣ መጨረሻም እርስዎ ይሆናሉና በግለኝነት ይወቀሱ ወይስ በአሻጥር ይጠርጠሩ የሚለውን ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ይወስኑ። የሚያጨበጭብልዎ ግን እንዳይጠብቁ።