ዘንቦባት ትዞራለች

ውድ እህቴ፣

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፊደሎቹ ተንጋደው ብታዪያቸው አትሳቂ፤ መሳቅ ካማረሽም ብቻሽን ሆነሽ ሳቂ።

ለጎረቤቴ ደውለሽ "ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ልመለስ ብል እትዬ ትቀበለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ" ማለትሽን ነገረችኝ። ስልክ እኔም አለኝ። ግን ሰላምታሽ ሁልጊዜ በሰው አፍ ስለሚደርሰኝ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። መልሱን ግን በሰው አፍ አልልክም።

አሁን የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ። ሰሞኑን ወቅቶች ለምን እንደሚለዋወጡ እየተማርን ነበር። አስተማሪያችን፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ አስነስታ አስነበበችኝ። መጽሐፉ "ምድር ዘንበል ብላ ትዞራለች" ይላል። እኔ የቃሉን መጀመሪያ አይቼ የቀረውን በግምት ነው የምጨርሰው። "ምድር ዘንቦባት ትዞራለች" ብዬ አነበብኩ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

"ዘንበል ነው፣ እማማ" አለችኝ።

"ዘንቦባት የምትዞርም አለች" አልኳት። "ጃንጥላ የሚይዝላት አጥታ ነው።"

የባሰ ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። “ዘንበል” የሚለውን ቃል የት እንደሰማሁት ትዝ ብሎኝ ነበር።

ማስተማር የጀመርሽ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የነገውን ትምህርት ልትለማመጂ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደሽ ሻማ አስያዝሽኝ። "አንቺ ፀሐይ ነሽ፣ እትዬ። እንዳትነቃነቂ።" ኪሮሼን ከጀመርኩት ሹራብ ላይ መዘዝሽና ምድር ናት ባልሽው ብርቱካን ውስጥ ሰካሽው። ጫፉን ወደ በሩ ዘንበል አድርገሽ፣ አልጋውን እየተሻገርሽ፣ ወንበሩን እየገፋሽ ዞርሽኝ።

"የሚበርደው ከፀሐይ ስትርቅ አይደለም እንዴ?" አልኩሽ።

"አይደለም። ርቀት አይደለም። ዘንበል ስላለች ነው፤ አንዴ ፊቷን ትሰጥሻለች፣ አንዴ ጀርባዋን።"

ሰሙ አውራ ጣቴ ላይ ሲንጠባጠብ አልተነቃነቅኩም። ፀሐይ ነሽ ተብዬ የለ። በማግስቱ ኪሮሼን ብቻ ይዘሽልኝ መጣሽ። "ምድርስ?" ስልሽ "ተማሪዎቹ ልጠው በሏት" አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ባልደረባሽ ቤታችን መጣ። ጨዋ ሰው ነበር። እኔም አስተማሪ መስዬው ወደ እኔ ዞሮ "እርስዎስ ማንን ነው የሚያስተምሩት?" አለኝ። "እሷን" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኔ እስኪቀላ ሹራብ እየሠራሁ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? አንቺ ቀደምሽኝ።

"እሷ ማንበብ አትችልም" አልሽው።

አፌን ገጥሜ ሻይ ቀዳሁላችሁ። ከዚያ ዝውውር መጣልሽና ሄድሽ። ለምን እንደማትመጪ ሰው ሲጠይቀኝ "ቦታው ሩቅ ነው" እል ነበር። ርቀት አለመሆኑን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

ያኔ ፀሐይ ነሽ ብለሽ አቆምሽኝ፤ ቆሜ ቀረሁ። ዛሬም ሻይ ሳፈላ እጄ የለመደው የሁለት ሰው ነው። ግማሹን እደፋዋለሁ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አስተማሪዋን ለብቻዋ ጠብቄ "ለመሆኑ ምድር ቀና የምትልበት ጊዜ አለ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የለም፣ እማማ። እንዳዘነበለች ነው። ግን ዞራ ስትመጣ ያው ጨለማ የነበረው ጎኗ ብርሃን ያገኛል።"

እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቀና አልልልሽም። ረስቼዋለሁ ብዬም አልዋሽሽ። ቢሆንም ዞረሽ ነይ። አልጋሽ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው።

ስትመጪ ጎረቤቶቼ ሊያዩሽ ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው አንዱ እኔ ማንን እንዳስተማርኩ የጠየቀ እንደሆነ፣ አደራሽን፣ ያን ጊዜ እንኳ አትቅደሚኝ። መልሱን ዕድሜ ልኬን አፌ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ያስተማረችሽ፣
እትዬ