ፊትሽና እጅሽ

ልጄ፣ የምትገቢበት ቤት ይሙቅሽ፣ የምትወጪበት መንገድ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ አባትሽ ግን በዚያ ጉልበቱ መሰላል ካልወጣሁ እያለ አስቸግሮኛል።

የምትሠሪበት ምግብ ቤት ውስጥ የተነሳሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ፊትሽ ነጥቷል፤ ትሪውን የያዘው እጅሽ ግን የማውቀው እጅ ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን አይታ፣ «ይሄማ ክሬም ነው፤ ቆዳ ይልጣል» አለችኝ። እህትሽን ወጥሬ ስይዛት፣ አለቃሽ «ጠቆር ያላችሁ እንግዳ ፊት አትቁሙ፣ ጓዳ ግቡ» ማለቱን እንደነገርሻት አወጣችው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ በእጄ ይዤ ቁልፍ እፈልጋለሁ።

ሰውዬው ዛሬ ፊትሽን ካለ ነገ እጅሽን ማለቱ አይቀርም። ክሬሙን ጣይው፣ ልጄ። ቢያባርርሽም አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። እስከዚያው፣ ምንም ሳትቀቢ አንድ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ።

በገዛ መልክሽ ሞገስ ይስጥሽ።

እናትሽ