ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው

ጥቅምት 17 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም።

«መኪናው ይሸጥ፤ ከባድ መኪና የሴት ሥራ አይደለም» ያልከኝን ለሚስትህ አልነገርኳትም። መጀመሪያ በዓይኔ ልየው ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ጭና ስትወጣ ጋቢና ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ካምቢዮ ስጎትት ነው፤ ይኼ አውቶማቲክ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከከተማ ወጥተን ለስለስ ያለ ቁልቁለት ስንጀምር ሞተሩ ድምፁን ቀነሰ።

«ከማርሽ አውጥተሽ ፎሌ አደረግሽው እንዴ?» አልኳት።

«እኔ አልነካሁትም አባባ። ቁልቁለቱ ለስለስ ሲል ራሱ ከማርሽ ይወጣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ራሱ ይገባል።»

እውነትም ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ አጉረመረመ፤ መኪናው ሲያዝ በወገቤ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ብልህ ብረት አይቼ አላውቅም።

ጥምዝምዙ ትልቁ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የድሮ አመሌ ተነሳና «እዚህስ አንቺው በፎሌ ልቀቂው፤ ናፍጣ ትቆጥቢያለሽ» አልኳት።

«እዚህ ላይማ አይሆንም። ፎሌ ካደረግኩት ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱ አይቀርም፤ ክብደቱን ደግሞ ፍሬኑ ብቻውን ተሸክሞ ይግላል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግሬን ካነሳሁ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ጠብታ አይጠጣም፣ መኪናውንም ይይዝልኛል።»

መኪናው እያጓራ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

አንዱን ኩርባ ስንዞር የተበላሸ አውቶቡስ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ፈሷል፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ሳትቀር። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። እሷ ግን ከላይ ጀምራ በሞተሩ ይዛ ስለወረደች ፍሬኑ አልጋለም ነበር። ረገጠችው፤ ያ ሁሉ ጭነት አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና ቆመ። በእኛና በሰዎቹ መካከል የቀረው ክፍተት ብዙ አልነበረም፤ ግን በቃ።

እኔ ገና ትንፋሼን ስሰበስብ እሷ ወርዳ ለጎማው ድንጋይ አስደግፋለች፤ ከኋላ የሚመጡትን ለማስቆም ሻርፗን እያውለበለበች ሽቅብ ሮጠች። የአውቶቡሱ ሹፌር ቀርቦ «ይቺን ማን አሠለጠናት?» አለኝ። «እኔ ነኝ» ልለው አማረኝ፤ አፌ እምቢ አለ እንጂ።

«የልጄ ሚስት ናት» አልኩት። እሱንም ስናገር ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ብታይ ትስቅብኝ ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ታች ደርሰን ሞተሩን አጠፋችና ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች።

«ለሱ እንዳይነግሩብኝ አባባ» አለችኝ። «ይጨነቃል።»

እሺ ብያት ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ። መኪናውን አልሸጠውም። ስልክ ከደወልክላት ስንት ጊዜህ እንደሆነ እኔ አልጠይቅህም፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ስሞታ አቅርባብህ አታውቅም። ስትደውልላት ስለ ቁልቁለቱ ምንም አታንሳ። ደህና ገባሽ ወይ ብቻ በላት።

የሥራህን ፍሬ ያሳይህ፤ በጤና ለመተያየት አምላክ ያብቃን።

አባትህ